የማራኪ ሦስተኛ ስም

ሳህሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ማንንም «ካርድ ቁጥርህ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ጤና ጣቢያው ከሺንሺቾ ወጣ ብሎ፣ ዋንዛዎቹ ሥር ነው። ሰው መስኮቱ ላይ ሲቆም ሳህሉ ፊቱን አንድ ጊዜ ያያል፣ ዞር ይላል፣ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል፤ ካርዱ ወጣ ማለት ነው። ሕዝቡም ቁጥር የተጻፈባትን ትንሿን ወረቀት ቤቱ ማስቀመጥ ከተወ ቆይቷል። «ምን ያደክማችኋል? እኔ አለሁ አይደል?» የሚላቸው እሱ ራሱ ነበር።

ምስጢሩ አደራደሩ ላይ ነው። ሌላው ጤና ጣቢያ ካርድ በቁጥር ይደረድራል። ሳህሉ በምንጭ ነበር የሚደረድረው። ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ቤቶች ሁሉ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልክ መንደር ውስጥ እንደሚኖሩት፣ አጎት ከወንድም ልጅ፣ አማት ከምራት። ዲግሪ የያዙት እየመጡ አይተው ሳቁበት። አንድ ክረምት ግን ተቅማጥ ገባና ካርድ ከአራተኛው መደርደሪያ ብቻ መውጣት ሲያበዛ፣ ሳህሉ «ውሃው ነው፤ የታችኛውን ምንጭ እዩት» አለ። ታየ። ውሃው ሆኖ ተገኘ። የምስጋና ምስክር ወረቀቱን ግን ሆሳዕና ድረስ ተጠርቶ የተቀበለው ኃላፊው አቶ ብዙነህ ነው። ሲመለስ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ይዞት የተነሳው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶው ውስጥ አራተኛው መደርደሪያ አለ። ሳህሉ የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሳህሉ እንዲህ ያለውን ነገር አንድም ሳይጥል የሚያኖር ሰው ነበር፤ እሱንም በየመደርደሪያው።

ኮምፒውተሩን ይዛ የመጣችው ሐዳሳ የምትባል የሆሳዕና ልጅ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አክባሪ። የመጣች ዕለት ብድግ ብላ በሁለት እጇ ስትጨብጠው ሳህሉ ምን እንደሚላት ጠፋው፤ ሊጠላት ተዘጋጅቶ ነበርና። ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር ሆና አራት ወር ሙሉ ስትጽፍ ከረመች። ሳህሉ ካርዱን በእቅፍ በእቅፍ እያወረደ ያቀብላል፣ እነሱ ይመታሉ። አሥራ አራት ሺህ ካርድ። ሲያልቅ ካርዱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አይሱዙ ላይ ተጫነና ዱራሜ መጋዘን ገባ። መደርደሪያዎቹ ባዷቸውን ቀሩ። ካርዶቹ ሃያ ስድስት ዓመት የሸፈኑት የግድግዳ ክፍል ከሌላው ይልቅ ነጭ ሆኖ ታየ፣ ሰው ቀለበት ሲያወልቅ ጣቱ ላይ እንደሚቀረው ምልክት።

«እስኪ ጋሼ፣ የርስዎን እንፈልግ» አለችና ስሙን መታች።

እጇ ከመነሳቱ መጣ። በ1993 ወባ። በ1996 ታይፎይድ። በ2004 ከሞተር ሳይክል ወድቆ ግራ ክንዱ። በ2011 የደም ግፊት፣ እስከ ዛሬ የሚውጠው ኪኒን ከነስሙ። ሳህሉ አፉን ይዞ ቆመ። መደነቅ አልፈለገም፤ ግን መደነቅ ሰውን አያስፈቅድም። ይሄን ሁሉ ያውቀዋል፣ የገዛ ሰውነቱ ነው። ብቻ እንዲህ ባንድ ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ብርሃን ላይ ቆሞ አይቶት አያውቅም። በመጨረሻው ቀን መጽሐፉ ይከፈታል፣ የሰው ሥራ ሁሉ ይነበባል እያለ ሰባኪው የሚናገረው ትዝ አለው። ያ ቀን እስኪደርስ ጊዜ ያለ ይመስለው ነበር።

«ይሄን ማነው የሚያየው?» አላት።

«የይለፍ ቃል ያለው ሰው ብቻ ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

ሐዳሳ በጣቷ ቆጠረች። «እዚህ አምስት። ዱራሜም ይኖራሉ። ሆሳዕናም የሚያዩ ይመስለኛል።»

«ይመስልሻል።»

«አጣራለሁ ጋሼ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሳህሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሥራ አልነበረውም። አቶ ብዙነህ ጠርቶ «በሩ ላይ ተራ ቁጥር ታድላለህ፤ እንግዲህ አረፍክ» አለው። ሳህሉ በርጩማውን ይዞ ወጣና ከመስኮቱ አጠገብ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ የቀረችው የዱሮው እርሳሱ ብቻ ናት። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ይሠራል። ከቦኖሻ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ ታሞ ቢገባ እንኳ ስሙ ይመታል፣ እዚያ የተመዘገበ ታሪኩ ይመጣል። አሮጊቶቹ በመስኮቱ እያጮለቁ ያማትባሉ። ጴንጤዎቹ «ሃሌሉያ» ይላሉ። ሳህሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ጆሮው ግን ውስጥ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጣ። «ስም እስከ አያት» ሲባል ጆሮው ደከም ያለ ነውና «ተስፋዬ ገብርኤል» ብሎ አቆመ። ሐዳሳ ልትረዳው ብላ ከስክሪኑ ላይ ጮክ አድርጋ ታነብ ጀመር። «ተስፋዬ ገብርኤል ኤፍሬም፣ ተስፋዬ ገብርኤል ሽብሩ፣ ተስፋዬ ገብርኤል ሚክያስ... የትኛው ነዎት አባባ?»

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። «የሽብሩ የልጅ ልጅ ደግሞ ምን አሞት ነው እዚህ የመጣው? ሊያገባ ነው ሲባል አልነበረም?»

ሳህሉ ከበርጩማው ተነሳ። ውስጥ ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰልፍ ላይ የሰው ስም ትጠሪያለሽ?»

«እንዲመርጡ ብዬ እኮ ነው...»

«የራሱን ይንገርሽ። የሌላውን ምን አገባው? እዚህ ቤት የመጣ ሰው፣ መምጣቱም የራሱ ነው።»

ሌላ የተማረ ቢሆን ይከራከረው ነበር። ሐዳሳ ግን «ልክ ነዎት» አለች። «ሥልጠናው ላይም ነግረውን ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።» በዚያው ቀን ወረቀት ላይ ጽፋ፣ አቶ ብዙነህ ማኅተም አድርጎበት፣ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። *ታካሚ ሙሉ ስሙን እስከ አያት በራሱ አንደበት ይናገራል። የሌላ ታካሚ ስም አይነበብም፣ አይታይም፣ አይጠቆምም።* ሳህሉ ሲያነበው ደረቱ ሞላ። በሕይወቱ የተናገረው ነገር ማኅተም ሲያርፍበት የመጀመሪያው ነው።

ያ ንዴት ከየት እንደመጣ ሐዳሳ አታውቅም። የሚያውቅም ብዙ ሰው አልቀረም።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ሳህሉ ስምንተኛ ክፍል ነበር። አባቱ የሥጋ ደዌ ነበረበት፤ በጊዜ ተይዟል፣ መድኃኒቱን ሻሸመኔ ድረስ እየሄደ ይወስዳል፣ ለጎረቤት «ዘመድ ጥየቃ» እያለ። ከአባቱና ከእናቱ ሌላ የሚያውቀው ሳህሉ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ በነፃ ይሁንልን ብለው ለገበሬ ማኅበሩ አመለከቱ፤ ምክንያቱንም ጻፉ፣ ወረቀት ነው ብለው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ዝርዝሩን ከነምክንያቱ ለተሰለፈው ተማሪ አነበበው። «ሳህሉ፤ አባቱ የሥጋ ደዌ በሽተኛ ስለሆነ ተፈቅዶለታል።» ሰውየው ተንኮል አላሰበም ይሆናል። ወረቀት ላይ ያለውን ነው ያነበበው። ማግስቱን ግን ከሳህሉ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጥ ታጣ። በወሩ አባቱን ከዕድር ሰሐን ለዩት። ሳህሉ ዘጠነኛ ክፍልን አላየውም።

ከዚያ ወዲህ የሊቀመንበሩን ስም አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። «ያ ሰውዬ» ይለዋል። ምሎም ነበር፤ ይሄ ስም ከአፌ ቢወጣ አባቴ አይቁጠረኝ ብሎ። ያ ሰውዬ አርጅቶ ደም እያስተፋው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የቆመ ዕለት እንኳ፣ ስሙን በእርሳሱ ጻፈው እንጂ አልጠራውም። ያ ሰውዬ ሰልፉን ገልመጥ አድርጎ፣ ድምፁን አጥፍቶ «ልጄ፣ የሳንባዬን ነገር ሰው እንዳይሰማብኝ» ሲለው ሳህሉ ካርዱን ከታችኛው መሳቢያ ከተተና ቆለፈው። ሰውየው ሳህሉ ማን እንደሆነ ትዝ አላለውም። ሳህሉም ማንነቱን አልነገረውም። ያ ሰውዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ በሳንባ መሞቱን እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል። የሳህሉ ሆድ ግን ሰፍቶም ይቆርጠዋል፤ እንዲህ ዝም ማለቱን የሚያውቅለት ሰው የለማ።

ኅዳር ላይ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ትርፊት ልጇን ታቅፋ ሮጣ ገባች።

ትርፊት የዚያ ሰውዬ ልጅ ሚስት ናት። ሳህሉ ገና ከበሩ ሲያያት አወቃት፤ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ የላይኛው ምንጭ። ልጅቱ ማራኪ አምስት ዓመቷ ነው። ደረቷ ወደ ውስጥ እየሳበ ትተነፍሳለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሳህሉ ቁጥር ሳይሰጥ «ግቢ ግቢ» አላት። ጤና መኮንኑ ኤፍሬም ወዲያው አያትና «የሳንባ ምች ነው፤ መርፌ አሁኑኑ ትጀምራለች» አለ።

«ዶክተር፣ መርፌ ገድሏት ነበር» አለች ትርፊት።

«እንዴት?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት። እዚሁ ተወግታ ሰውነቷ አብጦ ትንፋሿ ቆመ። እግዜር ነው የመለሳት።»

«የቱ መርፌ?»

«ነጭ ዱቄት ነው። በውሃ በጥብጠው ነው የወጓት።»

ኤፍሬም ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሁለት ዓይነት መርፌ ነበረው፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄት፣ ሁለቱም በውሃ የሚበጠበጥ። «አንዱ ያድናታል። አንዱ ደግሞ ያለችው ከሆነ ይገድላታል» አለ ለሐዳሳ። «አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ዱራሜ ነው ያለው። ታሪኳን አውጪልኝ። ቶሎ።»

ሐዳሳ ወንበሯን ሳበች። «የልጅቱ ስም?»

«ማራኪ።»

«የአባት?»

«ጴጥሮስ።»

ሐዳሳ መታች፣ ስክሪኑን አየች። አምስት ማራኪ ጴጥሮስ መጣ። ልጆቹ በተወለዱበት ዓመት ማራኪ የምትባል አዋላጅ ነበረች፣ እጇ የተባረከ፤ ያዋለደቻቸው እናቶች ሁሉ ልጃቸውን በስሟ ይጠሩ ነበር። ጴጥሮስ ደግሞ በዚህ አገር ካቶሊኩም ጴንጤውም ጋ ሞልቷል። ሦስቱ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ቀበሌያቸውም አንድ። ከፍታ አየቻቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ታሪክ ላይ መርፌ ሊገድላቸው እንደነበር ተጽፏል፣ መርፌው ግን የተለያየ ነው። የእናት ስም የዱሮው ካርድ ላይ አይጻፍም።

«የአያትስ?»

ትርፊት የማራኪን ግንባር ዳሰሰች።

«እናቴ፣ የአያቷ ስም። የባልሽ አባት።»

ትርፊት መሬት መሬት አየች። እዚህ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ አጀማመሩ ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ ካፏ አይወጣም፣ በሌላ ቃል ዞራ ትሄዳለች። ባሊሻ ይባላል። ከሠርጓ ማግስት ጀምራ እስክትሞት፤ እሱ ቢሞትም አይቀርም። ሳህሉ ይሄን ስለሚያውቅ ነው ካርድ ሲያወጣ ምራቶችን ከሁለት ስም በላይ የማይጠይቃቸው። «በቃ» ይላል፣ ሦስተኛውን ራሱ ይጽፋል፣ ስሙ ያለበትን ጥግ ያጥፈዋል፣ ሲጠራም «የማራኪ እናት» ብሎ ይጠራል። ይሄንን ሥርዓት ለማንም አልነገረም። የጠየቀውም የለም።

«ወረቀቷስ? ቁጥር ያላት?» አለች ሐዳሳ።

«ጋሽ ሳህሉ አያስፈልግም ብለውን...»

«አባቷን እንደውልለት።»

«ለቡና ለቀማ ጅማ ነው። ስልኩ ከተዘጋ ሳምንቱ። እኔ እንኳ ያቺን የምትታለበዋን ለጎረቤት ጥዬ ነው የወጣሁት።»

«የምትታለበዋ?»

ትርፊት ማራኪን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ሐዳሳ ወደ ሰልፉ ወጣች። «ይህችን ሴት የሚያውቅ አለ?» የዚያን ቀን ክትባት የታችኞቹ መንደሮች ተራ ነበርና የትርፊት ሰፈር ሰው አልነበረም። አንዷ «ምራት ናት እኮ፤ እንዴት አድርጋ ትጥራው?» አለች። ያኔ ሐዳሳ ገባት። እሷም የሐድያ አያት ነበሯት፤ አያቷ የሞቱት የአማታቸውን ስም ሳይጠሩ ነው። ስክሪኑን አየች፣ መስኮቱ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አየች፣ ከዚያ ሳህሉ ፊት መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቋታል። የአማቷን ስም ይንገሩኝ።»

ሳህሉ እርሳሱ ኪሱ ውስጥ ነበረ። ይሄን በኋላ ነው ያሰበው፤ ደጋግሞም አሰበው። እርሳሱ ኪሱ ውስጥ ነበረ፣ ወረቀት ተራ ቁጥር የሚያድልበት እጁ ላይ ነበረ። መሐላው የአፍ እንጂ የእጅ አልነበረም። አምስት ፊደል እንኳ የማይሞላ ስም ነው። በዚያች ደቂቃ ግን የታየው ሌላ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ታየው፣ ባዶው ዴስክ ታየው፣ የአባቱ ሰሐን ለብቻው ተደፍቶ ታየው፤ ፎቶግራፉም፣ በርጩማውም። ሁሉም ካርድ ባንድ ጊዜ ወጣ።

«ኮምፒውተሩን ጠይቂው» አለ። «ሁሉን ያውቃል አልተባለም?»

«ጋሼ፣ ልጅቱ...»

«ሕጉ ተለጥፏል። ባለቤቱ ይናገር።»

ሐዳሳ ፊቷ ልውጥ አለ። ወደ ውስጥ ተመለሰች። ወረቀቱን ገንጥላ አምስቱንም ስም ልታነብ ነበር የገባችው፤ ይሄንን በኋላ ራሷ ነግራዋለች። አልደረሰችም።

ትርፊት ሁሉን ሰምታለች። መስኮቱ ክፍት ነው። ልጇን አግዳሚው ላይ አስተኛቻት፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። በከምባትኛ አንድ ነገር አለች፣ ለዚያ ቤት ላለ ሰው ሳይሆን ለሞተው አማቷ፤ ድምፅዋ ደጅ ቆሞ ማረኝ የሚል ሰው ድምፅ ነበር። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ይሄን ሲሰሙ ምን ሊመጣ እንደሆነ አወቁ። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ላምቤቦ» አለች ትርፊት።

ጮክ ብላ አይደለም። ግን በረንዳው ላይ ያልሰማው የለም። ከሰልፉ አንዲት አሮጊት ከመሬት ብድግ አለች፤ ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ማንም አላዘዛቸውም። ሠላሳ ያህል ሴት፣ ልጅ ያዘለችውም ነፍሰ ጡሯም፣ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚቆመው ቆሙ። የዋንዛው ቅጠል ብቻ ይሰማል። ሳህሉም ሳያውቀው ቆሞ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት በጥላቻ የዘጋው ስም፣ አንዲት ሴት በአክብሮት የዘጋችው ስም፣ ያው አንድ ስም፣ እዚያው አየር ላይ ቆሟል። ጸጉሩ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ማራኪ ጴጥሮስ ላምቤቦ» አለች ሐዳሳ በሹክሹክታ፣ እየመታች። ወዲያው «ዶክተር! ሴፍትሪያክሶን ነው። ሴፍትሪያክሶን ተወግታ ራሷን ስታ ነበር ይላል። ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል ይላል።»

በቀይ ያሰመረው ሳህሉ ነበር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ሐዳሳ መስመሩንም ሳትተው ጽፋዋለች። ኤፍሬም እጁ ላይ የነበረውን ብልቃጥ መልሶ አስቀመጠና ሌላውን አነሳ። ያስቀመጠው የትኛው እንደነበር ማንም አልጠየቀውም፤ ፊቱ ተናግሯል።

ስምንት ሰዓት ላይ የማራኪ ትንፋሽ ረገብ አለ። ውሃ ጠየቀች። ትርፊት ዋንዛው ሥር ወጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ ሳህሉ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ።

«ያውቁት ነበር» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«አውቀው ነበር።»

«እኔስ ክብሩ ነው ብዬ ነው ያልጠራሁት። እርስዎ ምን ሆነው ነው?»

«ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ቤታችን አልተወራም።» ነጠላዋን ከአፏ አነሳች። «ይሁን፣ አድርጎዎት ይሆናል። እሱ ነው ያደረገዎት። ማራኪ ምን አደረገችዎት?»

ያ ሰውዬ የሰውን ምስጢር ሳያስብ ዘረገፈ፤ ሳህሉ ደግሞ ማንም ያልከለከለውን ነገር እያወቀ ቆለፈ። ልጅቱ ብትሞት ኖሮ የትኛው ይብስ ነበር? መዝጋትም እንደ መክፈት ሰው ይገድላል ለካ። ይሄን ስምንተኛ ክፍል ላይ የነገረው የለም።

«ላምቤቦ» አለ።

ስሙ እንደ ልጅ ጥርስ ወጣ። ያን ያህል ዘመን ሲነቀንቀው የኖረ፣ ሲወጣ ግን ቀላል፣ ትንሽ፣ ደም እንኳ ያልበዛበት። ምንም አልሆነም። ሰማዩ እንዳለ ነው። የአንድ ሽማግሌ ስም ነው።

ትርፊት አየችው። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም። «አሁንማ ‹ላም› ማለት እችላለሁ» አለች። «አሥር ዓመት ‹የምትታለበዋ› ስል ጎረቤት ሰልችቶታል።» ወዲያው ደንግጣ አፏን ሸፈነች። «የለም፤ አልልም። ዛሬ ለማራኪ ነው። ነገ እንደ ዱሮዬ ነኝ።»

ሳህሉ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነሳው። በዕድሜ ልጁ ትሆናለች።

ካርድ ክፍል ሲገባ ሐዳሳ ቀና ብላ አላየችውም። ልክ ናት። እሱም አልተቀየማትም፤ ይሄ ብቻውን ለሳህሉ አዲስ ነገር ነበር።

«ሌላ ወንበር አለ?» አላት።

«ለማን?»

«ለእኔ። ምራት ስትመጣ ሁለት ስም ትጠይቂያለሽ፣ በቃ። ሦስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ። አልጠራውም፤ ፊደሉን አሳይኝና እመታዋለሁ። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዙሪው፣ ከመስኮቱ ይታያል።»

«የሁሉንም ያውቃሉ?»

«የአሥራ አራት ሺውን።»

አሁን ቀና አለች። የመጀመሪያ ቀን ሳህሉ ስክሪኑን ያየበት ዓይን፣ ያው ዓይን አሁን ከእሷ ወደ እሱ ተመለከተ። ሳህሉ አፈረ፤ እንዲህ የሚያየው ሰው ገጥሞት አያውቅም።

«እርስዎ ያልመጡ ቀንስ?» አለች ቀስ ብላ።

ይሄንንም አስቦበታል። ከተራ ቁጥሩ ወረቀት አንዱን ቀደደ፣ እርሳሱን አወጣ፣ የማራኪን ካርድ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አይቶ ጻፈ። ቁጥር ብቻ፤ ስም የለበትም፣ መንገድ ላይ ቢወድቅም ለማንም ምንም አይናገርም። አቶ ብዙነህ በዚያው ሰሞን ይሄንን አሠራር ለዱራሜ ሪፖርት አድርጎታል፣ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ። ሳህሉ ሰምቷል፤ አልረሳውም።

ወረቀቷን ይዞ ወጣና ትርፊት እጅ ላይ አደረገላት።

«ያዣት» አላት። «አትጣያት። እኔ ሁልጊዜ አልኖርም።»

ትርፊት ቁጥሩን አገላብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ወረቀቷን ከተተችና ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።